ከሱቁ ደጅ የሸሸው ጉድጓድ

በእሷ መቅናት የጀመርኩት በድምጿ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ተምረናል፤ አንድ ቢሮ በአንድ ወር ተቀጥረናል፤ ጠረጴዛችንም ጎን ለጎን ነው። እኔ አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት ሦስት ጊዜ በሆዴ እለማመደዋለሁ፤ ለመናገር ስዘጋጅ ወሬው አልፏል። እሷ አፏን ከከፈተች በኋላ ነው የምታስበው፤ ያሰበችው ደግሞ ደስ የሚል ሆኖ ይወጣል። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። እኔም እዞራለሁ፤ እየዞርኩ አንጀቴ ያርራል።

ቢሯችን ትንሽ ናት። አፈር እንመረምራለን፣ የሕንፃ መሠረት ዲዛይን እናደርጋለን። አለቃችን አለ፣ አንድ ከፍተኛ መሐንዲስ አለ፣ ከዚያ እኛ ሁለታችን። ይህ ነገር በሆነ ጊዜ የያዝነው ሥራ መርካቶ ውስጥ ከሶማሌ ተራ ጀርባ የሚሠራ የገበያ ሕንፃ ነበር። ነጋዴዎቹ ሱቆቻቸውን አዋጥተው አክሲዮን መሥርተዋል፤ የቆርቆሮ ሱቆቹ ፈርሰው በቦታቸው ባለ ብዙ ፎቅ ሊነሣ ነው።

መሬቱ አስቸጋሪ ነው። ላዩ ሰው ዓመት ካመት እየደፋ ያከማቸው ሙሌት ነው። ከሥሩ ጥቁር አፈር ይመጣል፤ ከዚያ ቡናማ ሸክላ፣ ከዚያም ሌላ ሸክላ። መቆፈሪያችን እስከደረሰበት ድረስ ዓለት አላገኘንም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ከባድ ሕንፃ የሚቆመው በፓይል ነው፤ መሬቱ በማሽን ጠልቆ ይቆፈርና ብረት ገብቶበት ኮንክሪት ይሞላል፤ ረጅም ምሰሶ ከመሬት ውስጥ ይቀራል። ጫፉ ዓለት ላይ ቢያርፍ ሥራው ቀላል ነበር። በሸክላ ውስጥ ግን ፓይሉ ሸክሙን የሚችለው በአብዛኛው በጎኑ ነው፤ አፈሩ ከላይ እስከ ታች ዙሪያውን ጨብጦ ይይዘዋል። ስለዚህ አፈሩ በየሜትሩ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ያላወቀ ሰው የፓይሉን ርዝመት ሊያውቅ አይችልም።

ይህን ሥራ እወደዋለሁ። አፈር ጮክ ብለሽ ተናገሪ አይልም።

ቁፋሮውን እንድከታተል መርካቶ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። በግቢው አራት ጥግ አራት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከየጥልቀቱ አፈር ይወጣል፤ ብረቱ በመዶሻ ሲመታ ስንት ምት እንደፈጀ እቆጥራለሁ፣ አፈሩን በጣቴ እያሸሁ ቀለሙንና ጥንካሬውን እጽፋለሁ። ሦስቱን ጉድጓዶች ያለ ችግር ጨረስን። ተሸካሚዎች «ዞር በይ እህት፣ ጭነት ነው!» እያሉ ከኋላዬ ሲመጡ ደብተሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ግድግዳ እጠጋለሁ እንጂ ሌላ የሚያስቸግረኝ ነገር አልነበረም።

የአራተኛው ጉድጓድ ምልክት የተተከለው፣ ባልዲ፣ ጆግና ሳፋ የሚሸጡ አንዲት እትዬ ሱቅ ደጅ ላይ ነው። እሳቸውም ባለ አክሲዮን ናቸው። ሕንፃው ሲያልቅ እዚያው ጥግ ላይ፣ ምድር ቤት፣ ሱቅ እንደሚደርሳቸው በዕጣ ታውቋል። ያን ቀን ጠዋት የቁፋሮው ኃላፊ ማሽኑን እያስጎተተ ሲመጣ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁም! ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁፋሮ ነው እትዬ… ለሕንፃው» አልኩ።

«ምን?»

«ቁፋሮ።»

«ልጄ፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ? አይሰማም እኮ።»

የጎረቤት ነጋዴዎች ሳቁ። የቁፋሮው ኃላፊ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰውዬ፣ በእኔ ፋንታ ጮኾ አስረዳቸው።

«በጠዋቱ? ደጄ ላይ ጉድጓድ? መቃብር ነው እንዴ የምትቆፍሩልኝ? ገና አንድ ጆግ አልሸጥኩም!»

መርካቶ ውስጥ ብዙ ነጋዴ የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ ሳይሸጥ ከሱቁ ምንም አያወጣም። ብር አይመነዝርም፣ ዕቃ አያውስም። እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ጨምረውበታል፤ መጀመሪያ ሳይሸጡ ደጃቸው ላይ መሬት አይነካም። «ልሽጥና ቆፍሩ፤ አልከለከልኳችሁም» አሉ። ለእኔም በርጩማ አወጡልኝ። ሱቃቸው ውስጥ ቁጭ ብዬ ገዢ መጠበቅ ጀመርኩ።

ገበያው ሞቶ ነበር። አንዷ መጥታ ባልዲውን በጣቷ አንኳኩታ ሄደች። አንዱ ዋጋ ጠይቆ ሳቀና ሄደ። ሰዓቱ ይሄዳል፤ እኔ ሥራ ስለሌለኝ የሱቁን ወለል አያለሁ። ወለሉ ሦስት ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግኗል፤ የሦስቱም ጥገና ቀለም ይለያያል። ወደ ውጭው ጥግ ዘንበል ብሏል። እትዬ በሩ ክረምት ሲገባ እንደማይዘጋና በበጋ ደግሞ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት እንደሚያወጣ አጫወቱኝ። «አናጢ ሰለቸኝ» አሉ። ደብተሬ ላይ ግን ይህን አልጻፍኩም።

ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። የቁፋሮው ኃላፊ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኢንጂነር፣ አፈር ያው አፈር ነው። ከጓሮ፣ ጭነት የሚራገፍበት ጋ ወስደን እንቆፍረውና እንገላገል። ሃያ ምናምን እርምጃ ምን ይለውጣል?»

ለአለቃዬ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን ከቦርሳዬ አወጣሁት። የሚለኝን ግን አውቀዋለሁ፤ «አንዲት ሴትዮ ማሳመን አቃተሽ? ቆይ፣ እሷን ልላክልሽ።» እሷ ትመጣለች፣ ሁለት ቃል ትናገራለች፣ እትዬ ይስቃሉ፣ ጉድጓዱ ይቆፈራል፤ ማታ ቢሮ ውስጥ ታሪኩ ይወራል። ይህን አሰብኩና ስልኩን መልሼ ከተትኩት።

«እሺ» አልኩ። ወደ ጓሮው ሃያ ሦስት እርምጃ ቆጠርኩ። እዚያ የወጣው ሸክላ እንደ ሌሎቹ ጠንካራ ነበር። በደብተሬ ላይ በእርሳስ «ቦታው ተቀይሯል» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮ በሚገባው ቅጽ ላይ ግን የድሮውን ቦታ ተውኩት። ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ለቢሮ ሳልናገር ዋልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ «ለምን ትናንት አልተናገርሽም?» የሚለው ጥያቄ መጣ፤ ቀኑ በረዘመ ቁጥር ጥያቄው እየከበደ ሄደ።

የአፈሩ ምርመራ ከላቦራቶሪ ሲመለስ አለቃችን ሁለታችንንም ጠራን። የመሬቱን ሥዕልና የፓይሎቹን አቀማመጥ ለእሷ ሰጣት። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ስሌቱን ሥሪላት» አለኝ። ሥሪ አላለኝም፤ ሥሪላት ነው ያለኝ።

ሥዕሏ ያምራል፤ ይህን መካድ አልችልም። ሙሌቱን በግራጫ፣ ጥቁሩን አፈር በጥቁር፣ ሸክላውን በሁለት ዓይነት ቡኒ አድርጋ፣ አራቱን ጉድጓዶች በቀጭን መስመር አገናኘቻቸው። በአራተኛው ጥግ ላይ ጠንካራው ሸክላ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ይጀምራል። ያ ሸክላ የጓሮው ነው። ከእትዬ ሱቅ ሥር ምን እንዳለ ማንም አላየም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ፓይል በፓይል አሰላሁ፤ በየሜትሩ ያለውን የአፈር ጥንካሬ በፓይሉ ዙሪያ አባዝቼ ደመርኩ። ወደዚያ ጥግ ስደርስም እጄ አልቆመም። ሸክላ ሸክላ ነው አልኩ። ሦስት ጊዜ የተጠገነ ወለል ከሥሩ ያለው መሬት እየሰመጠ ነው ማለት እንደሆነ ግን የማያውቅ የአፈር መሐንዲስ የለም።

ዲዛይኑን ለነጋዴዎቹ ኮሚቴ የምናቀርብበት ቀን መጣ። ስብሰባው መሳለሚያ አጠገብ ባለ ሕንፃ ላይ በተከራዩት ክፍል ነበር። የምታስረዳው እሷ ናት፤ እኔ ኮምፒውተሩ ጋ ቁጭ ብዬ ገጽ እቀይራለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንት፣ ጥቂት ከሰሙ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ በሰውኛ ንገሪን። ከታች ድንጋይ የለም ካልሽ ይሄ ፓይል የምትይው ምን ይዞት ይቆማል?»

«ጋሼ፣ ጢም ባለ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው ያውቃሉ?»

«እንዴታ!»

«መያዣ ባይጨብጡም አይወድቁም አይደል? ዙሪያዎን የቆመው ሰው ይይዝዎታል። ፓይሉንም ሸክላው እንደዚያ ነው የሚይዘው።»

«ኪሱን ካልዳበሱት!» አለ አንዱ ነጋዴ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው እንባቸውን እየጠረጉ «ገባኝ፣ አሁን ገባኝ» አሉ። አለቃችን እንደ ልጁ ኮርቶ ያያታል።

የአውቶቡሱ ምሳሌ የእኔ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ምሳ ስንበላ፣ እኔና እሷ ብቻ ሆነን፣ ቀስ ብዬ ነግሬያት ነበር። እዚያ ስብሰባ ላይ ለመናገር አስቤውም አልነበረም፤ ቢሆንም የእኔ ነበር። የሚቀጥለውን ገጽ ቀየርኩላት። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ። ያ ጥግ ስህተት ነው፤ አንቺ ግን አታውቂም።

ልክ ነው ወይም ኃጢአት ነው አላልኩም። ደስ አለኝ። ለዘጠኝ ቀን ያን ምስጢር እንደ ከረሜላ በምላሴ ሥር ይዤ ዞርኩ። እሷ ስትስቅ አወጣዋለሁ፣ አጣጥመዋለሁ፣ መልሼ እደብቀዋለሁ። ሥዕሏ ሲወድቅ፣ አለቃችን ሲቆጣት፣ ድምጿ ሲዘጋ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ። በዚያ በሐሳቤ ባየሁት ውስጥ የእኔ ጥፋት አልነበረም፤ ያን ክፍል ቆርጬ ጥዬው ነበር።

ከረሜላው የመረረኝ በሌላ በኩል ነው። ጥጉ ሲሰምጥ ለማየት ስሞክር የሚሰነጠቀው የእሷ ወረቀት አይደለም። የእትዬ አዲስ ሱቅ ግድግዳ ነው። እሳቸውን ባልዲዎቻቸው መሃል ቆመው፣ የማይዘጋ በር እየገፉ፣ «አናጢ ሰለቸኝ» ሲሉ አያቸዋለሁ። ያ የሚሆነው ደግሞ ነገ አይደለም፤ ሰው ከገባበት፣ ዕቃ ከተሞላበት፣ ነጋዴዎቹም ያላቸውን ሁሉ ከጨረሱበት በኋላ ነው። ሥዕሎቹ ለሥራ ተቋራጩ የሚሰጡት ዓርብ ነበር። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋሁ።

«አራተኛው ጉድጓድ ሥዕሉ ላይ ያለበት ቦታ አይደለም የተቆፈረው» አልኳት።

«ምን ማለት?»

«ጓሮ ነው የተቆፈረው። ሃያ ሦስት እርምጃ ይርቃል። ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ደግሞ ወለሉ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል፤ በሩም አይዘጋም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መቼ አወቅሽ?»

«የዚያኑ ቀን። ያዛወርኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ! እኔ ስሥለው አጠገቤ አልነበርሽም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ረሳሁት።»

«አንቺ? እስክሪብቶሽን የጀመርሽበትን ቀን የምታውቂው አንቺ ረሳሽው?» ፊቴን አየችው። ዓይኔን ወደ ደብተሬ አወረድኩ። ምን እንዳነበበች አላውቅም፤ አልጮኸችም። ቦርሳዋን አነሣች። «ለቁፋሮው ሰውዬ ደውዪለት። ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

በማግስቱ ከቁፋሮው ሰዎች ጋር ስንደርስ እትዬ ባልዲዎቻቸውን ገና እየደረደሩ ነበር። በመንገድ ላይ የምላቸውን ስለማመድ ነው የመጣሁት፤ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ሱቃቸው፣ ስለ ወለሉ። እሷ ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ! ገበያ እንዴት ነው?»

«ኧረ ገና ነው ልጄ፣ አሁን መክፈቴ ነው።»

«እንግዲያው በእኔ ይጀምሩ። ያ ቀዩ ሳፋ ስንት ነው?»

ዋጋ ተናገሩ። «ውይ እትዬ፣ በዚህ ዋጋ እኔ ልብስ ላጥብበት ነው ወይስ እርስዎ ልጅ ሊድሩበት?» አለች። ሳቁ። ቀነሱ። ገዛች። እትዬ ብሩን ግንባራቸው አስነክተው ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱና «እጅሽ ይባረክ!» አሉ።

«አሁን ደጅዎን ብንቆፍርስ?»

«ቆፍሩ! ነዳጅ ከወጣ ግን የእኔ ነው።»

ይኸው ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የጠበቅኩት ነገር አንድ ሳፋ እስኪገዛ ድረስ ብቻ ነበር። ያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ብር ነበረኝ፤ ቤታችንም ባልዲ ያስፈልገን ነበር። ሌላ ሰው መጥቶ እንዲገዛ ስጠብቅ እኔም ገዢ መሆን እንደምችል አልመጣልኝም። የማሰላው ሁሉ ትክክል የሚሆንልኝ ሴት ሆኜ ይህ እንዴት አመለጠኝ? እሷም ባትችል ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቀይ ሳፋዋን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ከተሸካሚዎች ጋር ስትቀልድ ቆሜ አየኋት፤ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ሌሎቹ ጉድጓዶች ላይ ሙሌቱ ባለቀበት ጥልቀት እዚህ አላለቀም። ጨርቅ ወጣ፤ ከሰል ወጣ፤ የጫማ ሶል ወጣ። ከዚያ ውሃ ያዘለ፣ የሚሸት፣ ጣት በቀላሉ የሚያስገባ ጥቁር ጭቃ። መዶሻው ሲመታ ብረቱ ሦስት አራት ምት ሳይሞላው ስምጥ ይላል። በሌሎቹ ላይ እዚያው ጥልቀት እስኪሰለቸኝ ነበር ምት የምቆጥረው።

«ኢንጂነር» አለ የቁፋሮው ኃላፊ እጁን እየጠረገ፣ «ይሄ እንኳን አፈር ገንፎም አይደለም። አጥሚት ነው።»

ቦታው ድሮ ቦይ የነበረና በኋላ የተደፈነ ሳይሆን አይቀርም። ያን ጭቃ አልፈን ጠንካራውን ሸክላ ስናገኝ ቀኑ መሽቶ ነበር። ቁጥሮቹን ስጽፍ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም፤ እዚያ ጥግ ላይ ያሰላኋቸው ፓይሎች ከግማሽ በላይ ርዝመታቸው የሚያልፈው በዚህ አጥሚት ውስጥ ነው። አይይዛቸውም። እንዲያውም ሙሌቱ በራሱ ክብደት እየተቀመጠ ሲሄድ ጎናቸውን ይዞ ወደ ታች ይጎትታቸዋል። ቢያንስ ስድስት ሜትር መርዘም አለባቸው።

«ለአለቃችንም ለኮሚቴውም እኔ ነኝ የማወራው» አለችኝ ወደ ታክሲ ስንሄድ። «አንቺ ዝም በይ።»

ዝም ማለትን ሰው አያስተምረኝም።

ዓርብ እሷ የአዲሱን ጉድጓድ ውጤት ስታሳየው፣ አለቃችን ሥዕሉን ከተቋራጩ አስቀረና ኮሚቴውን ጠራ። ሰኞ ዕለት ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ። በዚህ ጊዜ እትዬም መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እሷ ቆመችና አዲሱን ጉድጓድ አስረዳች። ነጋዴዎቹ ስድስት ሜትር ሲባል ተንጫጩ። ሰብሳቢው «ይሄ አሁን ከየት መጣ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ እንኳን አሁን መጣ» አለች። ከዚያ በእጇ ወደ እኔ አመለከተች። «ይህን ጥግ የተጠራጠረችው እሷ ናት። የእትዬን ሱቅ ወለል አይታ፣ በሩ ለምን እንደማይዘጋ አስባ፣ ደግመን እንድንቆፍር ያደረገችው እሷ ናት። እሷ ባትኖር ሕንፃው ሰው ከገባበት በኋላ ይንጋደድ ነበር።»

ክፍሉ ወደ እኔ ዞረ። አለቃችንም ዞረ። «ጎበዝ» አለኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ነው። ማታ ማታ ከእሱ አፍ ሲወጣ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አሁን መጣ፤ የመጣው ግን በእሷ እጅ ነው፤ እሷ ጠቅልላ፣ እሷ አስራ፣ እሷ በሰው ፊት አቀበለችኝ። እሷ ያለችው አንዱም ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ብቻ ነው የቀረው። ብቀበለው በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ስቀመጥ አጠገቤ የምትቀመጠው እሷ የዋለችልኝን ውለታ ታውቃለች። ምንም አትለኝም። ደግነቷንም እንደ ድምጿ በቀላሉ ትይዘዋለች።

ለእውነት ብዬ ተናገርኩ ብል እዋሻለሁ። ከእሷ እንዲደርሰኝ ስላልፈለግኩ ነው።

«አይደለም» አልኩ። በሆዴ ሳልለማመደው ወጣ። «ቦታውን ያዛወርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እትዬ ደጅ ላይ መቆፈር ነበረበት። ወደ ጓሮ ወስጄ አስቆፈርኩና ለቢሮ ሳልናገር ቀረሁ። እሷ ሥዕሉን የሣለችው እኔ በሰጠሁት የተሳሳተ ቅጽ ላይ ተነሥታ ነው። ከባለፈው ስብሰባ በፊትም አውቅ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። የአለቃዬ ፊት ሲለወጥ አየሁት።

«እያወቅሽ ነው ባለፈው እዚህ የተቀመጥሽው?» አሉ ሰብሳቢው።

«አዎ ጋሼ።»

«ወይ ጉድ!» አለ አንዱ ነጋዴ። «ይቺ ልጅ ድምፅ አላት ለካ!»

አለቃዬ እዚያ ብዙ አልተናገረም። ቢሮ ገብተን በሩን ዘግቶ ነው የተናገረኝ፤ የተናገረኝም ይገባኝ ነበር። ከእንግዲህ ለዚህ ሥራ ሳይት አትሄጂም አለ። የዚያን ጥግ ፓይሎች እንደገና ከዜሮ ታሰያለሽ፤ ከፍተኛ መሐንዲሱ መስመር በመስመር ያየዋል። ሳይቱን እሷ ትይዛለች። ይህን ሲል ከጥፋቴ ሁሉ ይልቅ ያመመኝ የመጨረሻው ነው፤ አሁንም አፍራለሁ።

ያን ቀን ከስብሰባው ስንወጣ ግን፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለን፣ እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ አጠገቤ ቆመው ነበር። «በእኔ ብታሳብቢ ማን ይጠይቀኛል ልጄ? አሮጊቷ ከለከለችኝ አትይም ነበር?» አሉኝ። ከኋላቸው እሷ መጣች፤ ተቆጥታ ነበር።

«አንቺ ግን ምን ዓይነት ሰው ነሽ? አውጥቼሽ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እንድታወጪኝ አልፈለግኩም።»

ከእኔ ሁለት ደረጃ በታች ቆማ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። «ቀናተኛ!» አለች።

«አዎ» አልኩ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። «የአውቶቡሱም ምሳሌ የእኔ ነበር።»

«የአንቺ መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ ጋ ቢቀር ማን ይሰማው ነበር?»

ለመናደድ ሞከርኩ። አልቻልኩም፤ እውነቷን ነው። በተለያየ ታክሲ ሄድን።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የምንነጋገረው በሥራ ብቻ ነበር። እኔ የጥጉን ፓይሎች አሰላሁ። ጭቃው ባለበት ጥልቀት ሁሉ የሚይዘውን ዜሮ አደረግኩ፤ የሚጎትተውን ደመርኩበት፤ ከዚያ ከታች ካለው ጠንካራ ሸክላ የጎደለውን አመጣሁ። ከፍተኛ መሐንዲሱ ሁለት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት አድርጎ መለሰልኝ፤ አስተካከልኩት፤ ፈረመበት። ሱቆቹ ፈረሱ። ነጋዴዎቹ ወደ ጊዜያዊ ቦታ ተዛወሩ። ትልቁ የፓይል መቆፈሪያ ገባ። እሷ በየማለዳው ቦት ጫማዋን በላስቲክ ከረጢት አንጠልጥላ ትወጣለች፤ ማታ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ የሳይቱን ወሬ ይዛ ትመለሳለች። ኦፕሬተሩ እንዲህ አለ፣ ፎርማኑ እንዲህ አደረገ፤ ቢሮው ይስቃል። እኔ ያን መሬት ከእሷ የበለጠ አውቀዋለሁ። ግን የረገጠችው እሷ ናት።

የዚያ ጥግ የመጀመሪያው ፓይል የሚቆፈር ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እሷ ነበረች። የማሽኑ ድምፅ ከኋላዋ ይጮኻል።

«ያልሽው ጥልቀት ደርሰናል» አለች። «የሚወጣው አፈር ግን አላማረኝም። ጠንካራ ነው፣ ግን መሃል መሃሉ ላይ ለስላሳ ሸርተት ያለ ነገር አለበት። ኦፕሬተሩ ጨርሰናል እያለ ነው። እንቁም?»

«በእጅሽ ያዢው።»

«ይዤዋለሁ።»

«በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ይገባል?»

«ትንሽ። ጥፍሬ ድረስ።»

«ከየት ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከመጨረሻው ሜትር ተኩል ወዲህ።»

ስሌቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። ለዚያ ሜትር ተኩል የሰጠሁትን ጥንካሬ አየሁ፤ በግማሽ ቀንሼ ደመርኩት፤ የጎደለውን ቆጠርኩ። ከፍተኛ መሐንዲሱ ከማዶ ሲያየኝ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞርኩት። አነበበና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«አትቁሙ» አልኳት። «ሁለት ሜትር ጨምሩ።»

ስልኩን ከአፏ ሳታርቅ ጮኸች፤ ያ ክፍል የሚሞላ ድምጿ ጆሮዬን አደነቆረው። «ሁለት ሜትር ጨምር!»

«ማን ነው ያለው?» አለ ከሩቅ አንድ የተናደደ ሰው።

«መሐንዲሷ ናት!»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔማ ጩኸቱ ነኝ! ጨምር ስልህ!»

ድምጿ አሁንም ያምራል፤ አሁንም እቀናበታለሁ። ስልኩን ሳልዘጋ፣ ማሽኑ እንደገና ተነሥቶ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር እስክሰማ ድረስ ጆሮዬ ላይ ያዝኩት።